አጥር ላይ የሚቀር አበባ

መስከረም ሲጠባ የሰው ዐይን ቢጫ ይፈልጋል። ሜዳው አደይ ይለብሳል፣ ልጃገረዶች አበባዮሽ ይላሉ፣ ከተማ ውስጥ እቅፍ እቅፍ አደይ ከቄጠማው ጎን መንገድ ዳር ይሸጣል። በዚያው ሰሞን ግን በጎጃምና በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ፣ ከሜዳው ይልቅ ለበር የቀረበ ሌላ አበባ ይፈካል። የጓሮው አጥር ላይ፣ የበቆሎው አገዳ ላይ፣ አንዳንዴም የማድ ቤቱ ጣሪያ ድረስ የተጠመጠመው የአደንጓሬ ሐረግ አበባ ነው። ቀለሙ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ደማቅ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። ሆኖም አደይ የሚለቅመው ልጅ አልፎት ይሄዳል፤ ቤት የመጣ እንግዳም «አበባችሁ እንዴት ያምራል» ሲል አይሰማም። የእህል አበባ ስለሆነ ከአበባ አይቆጠርም። ተልባው ሰማያዊ ሲያብብ፣ ኑጉ ማሳውን ቢጫ ሲያደርገው፣ የባቄላው ሽታ መንገዱን ሲያውደው የምናወራው ስለሚገባው ምርት ነው። አበባው መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ይታለፋል።

ዛሬ ስለዚህ ስለሚታለፈው ነገር ብቻ ላወጋችሁ እፈልጋለሁ። የአደንጓሬ አበባ ይበላል። ደግሞም ይጣፍጣል።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው አደንጓሬ እንደማወራ ልለይ። ገበያ ላይ ይኸው ስም ለቦሎቄም ይሰጣል፤ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸውና አያስገርምም። የእኔው ግን ዘሩ ከቦሎቄ በጣም ይተልቃል፤ ወይ ሐምራዊ ሆኖ ጥቁር ጉራማይሌ ያለበት ነው፣ ወይም ጥርት ያለ ነጭ። ዘሩን ላላየ ሰው ሌላ መለያ አለ። ቦሎቄ ሲበቅል ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ከአፈር ይወጣል፤ አደንጓሬው ግን ክኮቹን እዚያው አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። በሥሩም ልዩነት አለ። የቦሎቄ ሥር ከክረምቱ ጋር ያበቃል፤ የአደንጓሬው ሥር ግን ወፍሮ ድንች መሰል ይሆንና ውርጭ ካልገደለው ለሚቀጥለው ዓመት ያቆጠቁጣል። ማንም ሳይዘራው አጥር ሥር ብቅ የሚለው አደንጓሬ ብዙ ጊዜ ከዚያ ከቆየው ሥር የመጣ ነው።

አገሩ ሩቅ ነው፤ ትውልዱ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ከፍታማ ቦታዎች ናቸው። እዚያ አዮኮቴ ይሉታል። የዚያ አገር ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በቆሎ ይዘራል፣ በበቆሎው አገዳ ላይ አደንጓሬና ቦሎቄ ይወጣል፣ ከሥር ደግሞ ዱባ ተንሰራፍቶ መሬቱን ይሸፍናል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የጎጃም ጓሮ ነው። በቆሎው እዚያ ቆሟል፣ አደንጓሬው ተጠምጥሞበታል፣ ዱባው አጥር ተሻግሮ ወደ ጎረቤት ይሳባል። ሦስቱም ከአሜሪካ ምድር የወጡ ተክሎች ናቸው፤ ባሕርና በረሃ ተሻግረው እዚህም አንድ ጓሮ ውስጥ ተገናኝተዋል። ማንም «አብራችሁ ኑሩ» ብሎ አላዘዛቸውም። የኛም ገበሬ በራሱ ዐይን አይቶ፣ ረጅሙ ለሐረጉ መወጣጫ እንደሚሆን አውቆ፣ አንድ ላይ አኖራቸው።

ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል። ሜክሲኮዎች የዱባውን አበባ ከአይብ ጋር በበቆሎ ቂጣ ጠቅልለው ይበላሉ፤ የአደንጓሬውንም አበባ ለቅመው፣ ቀቅለው፣ በእንቁላል አድርገው የሚጠብሱ አካባቢዎች አሉ። ዘሩ ወደኛ ሲመጣ ይህ ልማድ አብሮት አልመጣም። እህሉን ተቀብለን ንፍሮ አደረግነው፣ ወጥ ሠራንበት፤ አበባውን ለአጥሩ ተውንለት።

እንግሊዞች ዘንድ የሆነው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አደንጓሬ እንግሊዝ የገባው በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ስሙ ከጆን ትራደስካንት ጋር ይነሣል። ትራደስካንት የንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ አትክልተኛ ነበር፤ ከየአገሩ ያልታየ ተክል ማምጣት ሥራውም ፍቅሩም ነበር። ቶማስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1633 አስፋፍቶ ባሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ቀይ አበባ ያለውን ባቄላ ከትራደስካንት ጋር አያይዞ ያነሣዋል። እንግሊዞቹ ያዩት አበባውን ነበር። ለጌጥ በአትክልት ቦታቸው አወጡት፤ ለረጅም ዘመንም ሊበላ ይችላል ብሎ የተጨነቀበት ሰው ጥቂት ነበር። ለጋ ፍሬው ከነቅርፊቱ ተቀቅሎ ወደ ማዕድ በሰፊው የቀረበው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በለንደን የቼልሲ የመድኃኒት ተክሎች አትክልት ቦታ ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ ሚለር በጽሑፉ ካወደሰው ወዲህ። አሁን እንግሊዝ ውስጥ ትንሽ መሬት ተከራይቶ አትክልት የሚያለማ ሰው ሁሉ የቀርከሃ ዘንግ ተክሎ ይህንኑ ሐረግ ያወጣል። አንዱ ሕዝብ አበባውን አይቶ እህሉን ዘግይቶ አገኘ፤ እኛ እህሉን ይዘን አበባውን እስከ ዛሬ አልቀመስንም።

አሁን ጠጋ ብለን እንየው። አበባው የሚያድገው በዘለላ ነው፤ ከቅጠሉ ብብት ረጅም ዘንግ ይወጣና በላዩ እምቡጦች ተደርድረው ይፈካሉ። አንዷን አበባ ወስዳችሁ ብትመለከቱ ከላይ የቆመ አንድ ሰፊ ቅጠል፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክንፎች፣ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለች ጠባብ ነገር ታያላችሁ። ሴቴውም ወንዴውም ክፍል እዚያ ጥቅልል ውስጥ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን በዚህች ጥቅልል ላይ ብዙ ሰዓት አፍጥጧል። እ.ኤ.አ. በ1857 ለአትክልተኞች በሚታተም ጋዜጣ ላይ ስለ ንቦችና ስለዚህ የባቄላ ወገን ጽፏል። ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ንቧ ሁልጊዜ የምታርፈው በግራው ክንፍ ላይ ነው። በክብደቷ ክንፉን ስትጫነው ከጥቅልሉ ውስጥ ቀጭኗ ጫፍ ትወጣለች፣ በጫፏ ያለው ጸጉርም ብናኙን ጠርጎ ያወጣዋል። ንቧ ቀስማ ስትነሣ ጫፏ ተመልሳ ትገባለች። ዳርዊን ሐረጉን በስስ መረብ ሸፍኖ ንብ እንዳይደርስበት ባደረገ ጊዜ የሚያፈራው በጣም ጥቂት ሆነ። አደንጓሬ ያለ ጎብኚ አይሆንለትም።

ጎብኚዎቹ ሁሉ ግን በበር አይገቡም። በአውሮፓ ምላሳቸው አጭር የሆነ ጸጉራም ወፍራም ንቦች አሉ፤ በፊት ለፊት መግባት ሲያቅታቸው የአበባውን ሥር በመንጋጋቸው በስተው ጣፋጩን ይመጥጣሉ። የማር ንቦችም ያንን ቀዳዳ ተከትለው ይመጣሉ። እነዚህ ወፍራም ንቦች ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሉም። በሜክሲኮ አበባውን አየር ላይ ቆማ የምትቀስመው ትንሿ ወፍም አፍሪካ ውስጥ የለችም። ታዲያ በኛ አጥር ላይ ማን ተተካ? ለአንድ ጠዋት ቆሞ ያየ ሰው መልሱን ያገኛል። የማር ንባችን ትመጣለች፤ እንጨት የምትበሳዋ ትልቋ ጥቁር ንብ እያጉረመረመች ትመጣለች፣ ስታርፍ ዘለላው በሙሉ ይናወጣል። ተክሉ ዘመዶቹን ሁሉ ትቶ ከማያውቃቸው ፍጥረታት ጋር መስማማቱን ሳይ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ የሚነገር አለ። የዘር ውርስን ያጠናው ግሬጎር ሜንዴል በአተር ታዋቂ ሆነ እንጂ አደንጓሬም ዘርቷል። ነጭ አበባ ያላትን ድንክ ቦሎቄ ከቀዩ አደንጓሬ ጋር አዳቅሎ ነበር። በአተሩ ላይ ሐምራዊውና ነጩ ጥርት ብለው ሲለያዩለት፣ እዚህ ግን በሁለተኛው ትውልድ ከሐምራዊ ቀይ እስከ ፈዛዛ ወይን ጠጅ የሚደርስ የቀለም ደረጃ አገኘ፤ ካበቡት 31 ተክሎች ነጭ አበባ ያወጣው አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ ይህን አልደበቀም። የአበባው ቀለም ከአንድ በላይ በሆኑ ነገሮች ተጣምሮ የሚሠራ ሊሆን ይችላል ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ አካሄዱም ትክክል ነበር። አንድ ሊቅ ስሌቱ ያልገጠመለትን ነገር ከገጠመለት ጋር አብሮ ማሳተሙን አከብራለሁ። ለጓሮ ሰው የሚጠቅመው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ነጭ ዘር የሚሰጠው ሐረግ አበባውም ነጭ ነው፤ ጉራማይሌው ዘር ቀይ ያብባል። በሰኔ የትኛውን እንደምትዘሩ ስትመርጡ በመስከረም የምታዩትን ቀለም እየመረጣችሁ ነው። ቀዩና ነጩ የተቀላቀለበት ዓይነትም አለ፤ ላዩ ቀይ፣ ክንፉ ነጭ።

ማብቀሉ አያስቸግርም። አደንጓሬ ቀዝቀዝ ያለ አገር ይወዳል፤ ቆላ ብትዘሩት ቅጠሉ ያምርና አበባው በሙቀት ይረግፋል። ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ፣ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ፣ ዘሩን ሁለት ሦስት ጣት ጥልቀት ቅበሩት፤ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ይበቃል። መወጣጫው ከመዝራታችሁ በፊት ይቁም፤ ቀርከሃም ሆነ የባሕር ዛፍ ዘንግ ከሰው ቁመት ይብለጥ። ፍግ አታብዙ። ሥሩ ላይ ባሉት እንክብሎች ከአየር የራሱን ናይትሮጅን የሚያገኝ ተክል ስለሆነ ፍግ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ማበብ ይጀምራል። ዝናቡ ሲያቆም ሥሩን አጠጡት፤ ጥማት ካገኘው መጀመሪያ የሚጥለው አበባውን ነው። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጥልቅ ባልዲ፣ ከሥሩ ቀዳዳ፣ ከሰገነቱ ላይ የተወጠረ ሲባጎ ይበቃዋል። ፀረ ተባይ መድኃኒት ግን አይረጭም። የሚበላው አበባው ራሱ ነውና በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወደ መልቀሙ ልሂድ። ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር አለ፦ «አበባውን ከቀጠፍኩ እህሉ ከየት ይመጣል?» የገበሬ ልጅ ይህን ካልጠየቀ ማን ይጠይቃል! መልሱ ግን ከሐረጉ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። በመስከረም አጋማሽ አጥሩ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ መሬቱ በረገፈ ቀይ አበባ ተሸፍኗል። ዘለላው ከታች ወደ ላይ ይፈካል፤ ቀድመው የፈኩት የታችኞቹ ፍሬ ይይዛሉ፣ ከላይ ያሉት አብዛኞቹ ምግቡ ሳይደርሳቸው ይረግፋሉ። ተክሉ ሊያሳድገው ከሚችለው በላይ ያብባል። ስለዚህ የታችኞቹን ትታችሁ ከላይኞቹ ብትወስዱ የምትበሉት ብዙውን ጊዜ ለአፈር የተመደበውን ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ጤዛው ደርቆ ፀሐይ ሳታቃጥል። በዚያው ቀን የፈካችውን አበባ ያዙ፤ ጠንከር ያለች፣ ቀለሟ ያልደበዘዘ። የቆየችው ጠርዟ ይጠወልጋል፣ ጣዕሟም ይጠፋል። በጥፍር ከአንገቷ ቁረጧት እንጂ ዘለላውን አትጎትቱ፤ የሐረጉ ዘንግ በቀላሉ ይሰበራል። ከውስጧ ጉንዳንና ጥቃቅን ነፍሳት ስለማይጠፉ ሰፌድ ላይ በትኖ ለጥቂት ጊዜ መተው፣ ከዚያ እፍፍ ማለት ነው። ማጠብ ካስፈለገ ምግቡ ሊቀርብ ሲል፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ቶሎ ነክሮ ማውጣት። ክምር አትወድም፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ በስሱ ተበትና ጥላ ሥር ትቀመጥ። ለነገ የምትቀር ነገር አይደለችም።

ጣዕሟ? መጀመሪያ ምላስ ላይ የሚደርሰው ከሥሯ ያለው ጣፋጭ ነው፤ ንብ ያልደረሰባት ከሆነች የበለጠ። ቀጥሎ ጥርስ ሥር ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ የእሸት ጣዕም ይመጣል። እዚህ ላይ ነው የኛ ሰው ከማንም ይልቅ ለዚህ አበባ የቀረበ መሆኑ የሚሰማኝ። የባቄላና የአተር እሸት ማሳ ዳር ቆሞ እየፈለፈለ የበላ ሰው ይህን ጣዕም ያውቀዋል። የራስ ክምርን አበባ እየነቀለ ጣፋጩን የመጠጠ እረኛም ያውቀዋል። አበባ አፋችን ገብቶ አያውቅም የሚል ካለ ደግሞ ኮሶን ያስታውስ፤ አያቶቻችን ጨክነው የጠጡት ኮሶ የዛፉ አበባ ነው። መራራውን አበባ ለመድኃኒት ከጠጣን ጣፋጩን ለምግብ የማንቀምስበት ምክንያት አይታየኝም።

ወቅቱም ይመጥናል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾም ነው፤ የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ የሚቆምበት፣ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት በአበባ እየመሰለች የምታስብበት። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው። አደንጓሬው ውኃ ካላጣ በዚህ ጊዜ ገና አበባ ላይ ነው። የጾም ሰላጣ ትሠራላችሁ፦ ሰላጣ ቅጠል፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃርያ፣ ሎሚና ዘይት። ካዋሐዳችሁት በኋላ፣ ልክ ሊቀርብ ሲል፣ አበባውን ከላይ በትኑበት። አስቀድማችሁ ከሎሚው ጋር ካሻችሁት ጠውልጎ ይጠቁራል። ተቀቅሎ በቀዘቀዘ ድንች ላይም ያምራል። በፍስክ ቀን እንቁላል ፍርፍር ከእሳት ሲወርድ ጣል ማድረግ ይቻላል። ወጥ ውስጥ ግን አልመክርም፤ በርበሬውና እሳቱ ያለውን ሁሉ ይወስዱበታል።

ማስጠንቀቂያዎቹን አሳጥሬ አላልፋቸውም፤ የሰው ጤና ነው። አበባው በጥሬው ይበላል ማለት እህሉም በጥሬው ይበላል ማለት አይደለም። ጥሬ የአደንጓሬ ፍሬ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዛም ፕሮቲን አለው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋል፣ ከዚያ በሚንተከተክ ውኃ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ ለብ ባለ እሳት ቀስ እያለ ማብሰል አይበቃውም። እናቶቻችን ንፍሮውን ደጋግመው የሚያንተከትኩት በከንቱ አልነበረም። አበባውንም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው በጥቂቱ ይጀምር፤ ባቄላና ቦሎቄ የማይስማማው ከናካቴው ይተወው። መልኩ ስለቀረበ ብቻ ሌላ አበባ አይቀመስም። ለሽታው በየግቢው የሚተከለው ባለ ሐረግ የአተር ዘመድ አለ፤ አበባው ከአደንጓሬ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፣ ወገኑ ግን ከጓያ ነው፣ መርዝም አለው። ጓያ በአገራችን ስንቱን ሰው እግር እንዳሰረ የማያውቅ የለም። ከአበባ ሻጭ የተገዛ አበባ ለዐይን እንጂ ለአፍ አይሆንም፤ ምን እንደተረጨበት አይታወቅም። አውራ ጎዳና ዳር ያለ አጥርም እንዲሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። አጥሩ እየተለወጠ ነው። የእንጨትና የቁጥቋጦ አጥር በነበረበት ቆርቆሮና ብሎኬት እየቆመ ነው፤ አደንጓሬ ደግሞ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ በቆርቆሮ ላይ አይወጣም። ከእያንዳንዱ የፈረሰ አጥር ጋር አንድ ቤት ለዘመናት ይዞት የቆየ ዘር ሊጠፋ ይችላል። እነዚህ ዘሮች ከሱቅ የሚገዙ አይደሉም፤ ከአማት ወደ ምራት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በጭብጥ የተላለፉ ናቸው። ንቧ ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ስለምታዳቅላቸውም አንዱ ጓሮ ያለው በሌላው በትክክል አይገኝም። የጠፋው ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ በቤታችሁ፣ በእናታችሁ ዘንድ፣ በአያታችሁ ጎተራ ጥግ ጉራማይሌም ሆነ ነጭ የአደንጓሬ ዘር ያላችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ ጥቂቱን ለጎረቤት ስጡ። ስትሰጡም አበባው እንደሚበላ፣ የሚለቀመው ከላይ ከላይ እንደሆነና በዚያው ቀን መበላት እንዳለበት አብራችሁ ንገሯቸው።